«እናት ስጋት የላትም»

ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? ባለፈው መጥተሽ ሳለ ከወንበር የምትነሺው ጉልበትሽን በእጅሽ እየገፋሽ እንደነበር አይቻለሁ፤ ዝም ያልኩት ካነሳሁብሽ «አንቺ ደግሞ» ብለሽ እንደምትቆጪኝ ስለማውቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት መገተር የጎረምሳ ወገብም ይቆርጣል። የተከራየሽው ክፍል ፀሐይ ይገባዋል ወይ? ያቺ ስታስነጥስ ግድግዳ የምታናጋው ጎረቤትሽስ ደህና ናት? ፈረቃሽን ቀየሩልሽ ወይስ ያው ነው? እኔ አለሁልሽ። ደረጃው ጉልበቴን እየጨረሰው ነው እንጂ እንደ ዕድሜዬ አልከፋሁም። ትምህርት ቤቱ ሌላ ፎቅ ጨምሯል፤ የጽዳት ሠራተኛ ግን አልጨመረም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትያለሽ። ስልክ ላይ አንቺ እንዴት ናችሁ ትይኛለሽ፣ እኔ ደህና ነን እላለሁ፤ ደህና ካልኩ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተኛል። ወረቀት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅምና እጄን ታገሺው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትደውዪ።

ነገሩ የልጅሽ ነገር ነው። አትደንግጪ፣ አሁን እዚሁ አጠገቤ መጥረጊያ ፈረስ አድርጋ ትጋልባለች። ትበላለች፣ ትወፍራለች፤ ድምቡሼ ያልናት በከንቱ አይደለም። ግን እህቴ፣ ልጅሽ አትሰማም። ይኸው ጻፍኩት። ጭራሽ አትሰማ እንደሆነ ወይም ጥቂት ትሰማ እንደሆነ በምርመራ ይታወቃል ብላኛለች ሐኪሟ። እኔ ደግሞ ይህን ካወቅሁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል።

ከሥሩ ልንገርሽ፤ ካልሆነ አንቺም አይገባሽም፣ እኔም አይወጣልኝም።

አምስት ወር ሆኗት ሰጥተሽኝ ስትሄጂ አደራሽ ክትትሏ እንዳይቋረጥ ነበር። አላቋረጥኩም። በዘጠኝ ወሯ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያኔ ሽማግሌው ሐኪም ነበሩ። እሳቸው እንዴት ናችሁ ይሉሻል፣ አንቺ ይመስገን ትያለሽ። ሰው እንዴት ነሽ ሲባል ሌላ ምን ይላል? አልጋ ላይ የወደቀውም ይመስገን ነው የሚለው። እሳቸው ይህን ያውቃሉ። እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና፣ ይመስገን፣ ይመስገን፤ በይ አሁን ደግሞ ንገሪኝ ይላሉ። ከዚያ ዝም። ፊትሽን እያዩ ዝም። ያ ዝምታቸው ድንጋይ ያናግራል፤ እኔማ ስለ ልጅቷ ጀምሬ ስለ ገዛ ጉልበቴ አውርቼላቸው ወጣሁ። ካርዷ ላይ በሰያፍ ጽሕፈታቸው «ያመጣቻት አክስቷ» ብለው ጻፉ። ከኋላዋ ሆነው የቁልፍ መያዣቸውን አቃጨሉ፤ አልዞረችም። ጉንፋን ይዟት ነበርና ይልቀቃት፣ በወሩ መልሰሽ አምጪያት፣ ጆሮዋን እንደገና አየዋለሁ አሉኝ።

በወሩ ስሄድ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። ካርዶቹ ካርቶን ውስጥ ታጭቀው ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር ተቀምጧል። መዝጋቢዋ እንደ አዲስ መዘገበችን። የልጅቷን ስም ጠየቀችኝ፣ ቀጥላ የኔን። ምኗ ነሽ አላለችኝም። እዚያ ቤት ልጅ ያቀፈች ሴት ሁሉ እናቷ ናት፤ እናቷ ግቢ፣ እናቷ ልብሷን አውልቂላት፣ እናቷ ሚዛኑን አትደገፊ። ስሜ «የእናት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ሲገባ አይቻለሁ። አክስቷ ነኝ ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ነው ብዬ ላመካኝልሽ አስቤ ነበር፤ አንቺን ምን እዋሻለሁ፣ ከኋላዬ የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አዲሷ ሐኪም ወጣት ናት። ክፉ ሰው እንዳትመስልሽ። እጇን አሙቃ ነው ልጅ የምትነካው። ችግሩ የኮምፒውተሩ ገመድ አጭር ሆኖ ጠረጴዛው ግድግዳው ሥር ተለጥፏል፤ ስለዚህ ስታናግርሽ የምታዪው ጆሮዋንና የፀጉሯን ማስያዣ ነው። ትጠይቅሻለች፣ ትመልሻለሽ፣ ጣቶቿ ይንጣጣሉ። እኔ ደግሞ ታውቂኝ የለ፣ ሰው እየጻፈ መናገር ነውር ነው የሚመስለኝ። አባታችን ደብዳቤ ሲጽፍ ቤቱ እንዴት ጸጥ ይል ነበር? እንኳን እኛ ድመቷም ትወጣ ነበር። እናም ጽፋ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። እሷ ደግሞ ዝም ስል የምለው ያለቀብኝ ይመስላትና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። እኔ እሷን ስጠብቅ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ ስንቱ አለፈን። ያን ቀን የሽማግሌውን ቁልፍ ልነግራት አፌ ላይ ይዤው ነበር። ጣቶቿ ዕረፍት ሲያጡ ይዤው ወጣሁ።

በአንድ ዓመት ተኩሏ ሄድን። እንዴት ናት አለችኝ፣ ይመስገን አልኩ፣ ተጻፈ። በደንብ ትሰማለች? አዎ ይመስገን፤ ተጻፈ። ከዚያ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ልጅቷን በስሟ ጠራቻት። ድምቡሼ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የጠርሙስ ክዳን ታሽከረክራለች። ሁለተኛ ጠራቻት። እህቴ፣ ሐኪሟ መጥራቷን ታውቃለች እንጂ አለመዞሯን አላየችም። ያየሁት እኔ ነኝ። ዞረች ወይ አለችኝ። ታፍራለች፣ ቤት እንዲህ አይደለችም አልኳት። ይህን ቃል ማን አፌ ላይ እንዳስቀመጠው አላውቅም። ተጻፈ።

ቤት ገብቼ ከጀርባዋ ቆምኩና የድስት ክዳን ከክዳን አጋጨሁ። ደገምኩት። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ ምን ተሰበረ አለችኝ። ልጅሽ አሻንጉሊቷን ታጠባ ነበር፤ አጠባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ማወቅና አለማወቅ አንድ ቤት ሲኖሩ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀን ቀን አላውቅም ነበር። ስጠራት ወለሉን በእግሬ ረገጥ አደርጋለሁ፣ ትዞራለች፤ ይኸው ዞረች እላለሁ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ማወቁን እንኳ ልብ አላልኩትም። ትምህርት ቤት ይዣት ስሄድ ዕቃ ክፍል አስተኛታለሁ፤ ደወሉ የተሰቀለው በሩ ላይ ነው። ስምንት ጊዜ ይጮኻል በቀን፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። ዘበኛው አንድ ቀን ይቺ ልጅ ወይ ንግሥት ናት ወይ ደንቆሮ አለኝ እየሳቀ። አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ በየጠዋቱ በር እየከፈተልኝ ምን ሆነሽ ነው፣ ወንበርሽን ሰበርኩ ወይ ይለኛል።

አንቺም መጥተሽ ዝምተኛ ሆነችሳ አልሽኝ። አባታችንም የተናገረው በአራት ዓመቱ ነው አልኩሽ፤ አመንሽኝ። ታላቅሽ ነኛ። በስልክ ስትዘፍኚላት ስልኩን ጉንጯ ላይ ተጭና የምትስቀው እንደሚገባት አድርገሽ ነበር የምትወስጂው። ንዝረቱ እየኮረኮራት ነው። ይህን በመጻፌ ይቅር በይኝ፤ ግን ከእንግዲህ አንዲት ነገር አልደብቅሽም ብያለሁ።

በሁለት ዓመቷ ስንሄድ ሐኪሟ ገና ሳንቀመጥ ሁሉም እንደ ባለፈው ነው ወይ አለችኝ። እንደ ባለፈው ነው አልኳት። ይኸኛው እንኳ እውነት ነበር።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ውኃ የሚያመጣው ቦቴ ትምህርት ቤት ገባ። ወደ ኋላ እየሄደ ነው፣ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ልጆቹ ሁሉ ሸሽተዋል። እኔ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት እወለውላለሁ። ወደ ታች ሳይ ድምቡሼ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ ብላለች፤ ጉንዳን ታያለች መሰለኝ። ጮህኩ። ምን ዋጋ አለው መጮኹ። ዘበኛው ካለበት ዘሎ በአንድ እጁ አንስቷት ወደቀ። ክርኑ ተላጠ እንጂ እሷን ምንም አላገኛትም። ስደርስ እጄ ላይ አስቀመጣትና ሊቀልድ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እኅት ዓለም፣ ይቺን ልጅ አሳክሚያት አለኝ። ከሳቀብኝ ቀን ይልቅ ያን ዕለት አፈርኩት።

በማግስቱ ያለ ቀጠሮ ሄድኩ። ወረፋዬ ደረሰ። ገና ሳልቀመጥ፣ ዶክተር፣ ዛሬ እኔ የምልዎትን ይጻፉልኝ አልኳት። እሺ እናቷ፣ ምን ብዬ ልጻፍ አለችኝ። ይቺ ልጅ አትሰማም ብለው ይጻፉ አልኳት። ጣቶቿ ቆሙ። ወንበሯን አዙራ አየችኝ። ዓይኖቿ ቡናማ ናቸው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ማወቄ ነው።

ተነሥታ ከልጅቷ ጀርባ አጨበጨበች። ጠራች። የብረት ሳሕን አንኳኳች። ከዚያ ተመልሳ የበፊቱን አወጣችና እኔም እንዳየው ስክሪኑን ጎተተችልኝ፤ ገመዱ ስለማይደርስ በአንድ እጇ ደግፋ ይዛው ነበር። ቀስ ብዬ አነበብኩት። መስማት፣ ደህና። ንግግር፣ እንደ ዕድሜዋ። እናት ስጋት የላትም። ከሥሩ ሌላ ቀን፣ ያው። ከሥሩ ሌላ ቀን፣ ያው፣ ቃል በቃል። እናት ስጋት የላትም። እኔ ስጋት የለኝም ብዬ አላውቅም። አለኝም ግን አላልኩም።

ሐኪሟ ጣቷን መጨረሻው መስመር ላይ አደረገች። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልጻፍኩትም አለችኝ፤ ኮምፒውተሩ ካለፈው አምጥቶ ያስቀምጠዋል፣ አዲስ ነገር የለም ካላችሁኝ እተወዋለሁ። ጥፋት ነው አለች፣ እንዲሁ፣ ያለ ማመካኛ። ቆይታ ደግሞ በቀን አርባ ልጅ አያለሁ፣ እያወራችሁ ካልጻፍኩ አልጨርስም አለችኝ። ጠረጴዛው ሥር አንድ ጫማዋን አውልቃለች፤ እግሯ አብጦ የጫማው ጠርዝ ሥጋዋ ላይ ታትሟል። ልቆጣት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ድካምን ድካም ያውቀዋል፤ ጉልበት አልነበረኝም።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፣ አሁን ፊቷን ወደኔ አድርጋ። በእርግዝናሽ ጊዜ ትኩሳት ነበረሽ? ሽፍታስ? ይህንኑ በመጀመሪያው ቀን ጠይቃኝ አልነበረብኝም ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ እኔ መች ነበረብኝ። ግን ይህን ጊዜ ያ ሳምንት ፊቴ ድቅን አለ፤ የእርግዝናሽ ሦስተኛ ወር ገደማ ነበር፣ ደረትሽና ፊትሽ በቀይ ሽፍታ ተሞልቶ፣ ተኩሶሽ፣ እኔ በእርጥብ ፎጣ ስጠርግሽ፣ ለእናታችን እንዳትነግሪ ብለሽኝ። በአራተኛው ቀን ለቀቀሽና ረሳነው። እህቴ፣ አደራ፣ በዚህ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ሐኪሟ ራሷ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ቢሆንም ማንም ፈልጎ አይታመምም ብላኛለች። ጥያቄው ግን ላንቺ የሚጠየቅ ነበር። አንቺ ብትኖሪ በአሥር ወሯ ነበረብኝ ትያት ነበር፤ ያኔ ምርመራው ይታዘዝላት ነበር። ይህንንም ራሷን ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ዶክተር፣ እኔ እናቷ አይደለሁም አልኳት።

እጇን ከፊደሎቹ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እናቷ ታውቃለች? አለችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ እናቷ ተብሎ አንቺ ስትጠሪ የመጀመሪያው ነበር። አታውቅም አልኩ። እሷም እንደ ሽማግሌው ሐኪም ዝም አለች፤ ማን አስተማራት እንጃ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ኮሪደሩ ላይ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ነርሷ ሁለቴ በሩን ከፍታ እየዘጋች። ላንቺ የማልጽፈውንም ጭምር ነገርኳት።

ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ላከችኝ። ስሜ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ፤ ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል ነው የሚጠፋው። ያንቺን አስጻፍኩ፤ የአያታችንንም ጨምሬ፣ ሙሉውን።

እንግዲህ ቀሪው ያንቺ ነው። ምርመራው በሚመጣው ወር ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አንቺ ባለሽበት ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ነው። ፈረቃሽን ከአሁኑ አስቀይሪ። የእርግዝናውን ነገር አንቺ ነሽ የምትመልሺው፣ ፊርማውም ያንቺ ነው። ትንሽ እንኳ የምትሰማ ከሆነ ማዳመጫ ያደርጉላታል፤ ካልሆነም እዚያው ከተማ እንደሷ ላሉ ልጆች በእጅ መነጋገር የሚያስተምሩበት ቤት አለ፤ እናትና ልጅ አብረው ነው የሚማሩት። ሦስት ዓመቷ ሳይደርስ ቢጀመር ይሻላል፣ ብዙ ጊዜ የለንም ብላኛለች። አራት ወር ነው የቀረን። ሐኪሙ እየጻፈ ቢሆንም ተናገሪ። አይቀየምሽም፣ አትፈሪው። እንዴት ናት ሲልሽ ይመስገን በይ፣ ይመስገን ብለሽ ግን አትቁሚ።

ስለ እሷ የምታውቂው ጥቂት ነውና ልንገርሽ። ስትቀሰቅሻት ድንገት አትንኪያት፣ ትደነግጣለች፤ ፍራሹን ጫን ጫን አድርጊው፣ ራሷ ትነቃለች። መብራት አጥፍተሽ አታስተኚያት፤ ፊት ካላየች ብቻዋን የቀረች ይመስላታል። ውኃ ስትፈልግ አንገቷን ትነካለች፣ ስትቆጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አፍሽን ከፍተሽ አትጩሂባት፣ ሁሉም ይጮኽባታል፤ አጠገቧ ቁጢጥ በይና ፊትሽን አሳዪያት። ሰው ፊት ላይ ያለውን ታነባለች። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልደበቅኳትም፣ መደበቅም አልቻልኩም፤ የደበቅሁት ላንቺ ነው።

ለምን ትይኛለሽ። ክፍል ተከራየሁ፣ ልውሰዳት ካልሽኝ ጀምሮ ምን ምን እንዳልኩሽ ቁጠሪ፤ ክረምቱ ይውጣ፣ ጥርሷ ይጨርስ፣ ጉንፋኑ ይልቀቃት፣ እኔን ለምዳለች፣ ቀስ ይበል። ትልቁ ሐኪም ቤት ብትላክ ለፊርማ እናቷን ነበር የሚጠሩት። ከዚህ ወዲያ አትጠይቂኝ።

በምርመራው ዋዜማ፣ እሑድ ማታ እንገባለን። ልብሷን አጥቤ በአንድ ሻንጣ አድርጌያለሁ፤ የጠበባትን ለይቼ አስቀርቻለሁ፣ ትልልቁ ብቻ ነው ያለው። መጥረጊያውን ካልያዝኩ ብላ ታለቅስ ይሆናል፤ እዚያ አንድ ግዢላት፣ አጭሩን። መናኸሪያ መጥተሽ ጠብቂን፣ እኔ ከተማውን አላውቀውም። ስትመጪ እንድታይሽ ወደ መስኮቱ በኩል አስቀምጣታለሁ። የመሄጃ ትኬት ሁለት ነው የቆረጥኩት፤ የመመለሻው አንድ ነው። ማክሰኞ ሥራ እገባለሁ።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ እጅሽን አያዝለው። የወለድሻት ለወግ ለማዕረግ ትብቃልሽ፤ ቋንቋዋ እጅሽ ላይ ይግባልሽ፣ ባንቺ ቤት የሚጎድል አይኑር። ስታኮርፊኝ አትቆዪ።

እህትሽ፣

የልጅሽ አክስት